ኧረ ሐይቁ ወዴት ነው?

ባሕር የለንም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ካርታ ዙሪያውን አፈር ነው። ምጽዋ ወርደው ቀይ ባሕር ውስጥ እግራቸውን የነከሩ ታላላቆቻችን ስለ ሞገዱ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ዓሣው ያወሩልናል፤ እኛም አፋችንን ከፍተን እናዳምጣለን፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ተነሥተን ቢሾፍቱ እንሄዳለን። ምን እናድርግ? ለአዲስ አበባ ሰው የባሕር ዳር ከተማው እሷ ናት። ገና ደብረ ዘይት ስትባል ጀምሮ እናውቃታለን። የተማሪ ቤት ሽርሽራችን እሷ፣ የመጀመሪያ ፍቅራችን እሷ፣ ጫጉላችን እሷ፣ የልጆቻችን ልደት እሷ። እንወዳታለን። ይህ አስቀድሞ ይመዝገብልን። የማይወዱትን ከተማ ማን ቁጭ ብሎ ያማል? ትቶት ይቀራል እንጂ።

ግን ደከመን።

መውጣቱ ራሱ ያደክማል። ከመሐል አዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ መንገድ አይባልም፣ ጉርብትና ነው። በዚያ ላይ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ አዳማ የሚዘልቅ ባለ ስድስት መስመር የፍጥነት መንገድ አለን። በስሌቱ ከሆነ ቁርሳችንን ሐይቁ ዳር መብላት ነበረብን። የምንደርሰው ግን ለምሳ ነው። የፍጥነት መንገዱ የሚጀምረው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ እኛ የምንጀምረው ከየቤታችን ነው፤ በየቤታችንና በቱሉ ዲምቱ መካከል ደግሞ ቃሊቲ አለ።

ከቃሊቲ በፊት ግን ዓርብ ማታ አለ። ዓርብ ማታ ሁላችንም ማለዳ ተነሺዎች ነን። «12 ሰዓት ላይ እንገናኝ፤ ያረፈደ ይቀራል» እንባባላለን። ቅዳሜ ጠዋት ሲደወልለት አንዱ «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ ከጀርባው የሻወር ድምፅ ይሰማል። ሌላዋ ለልጆቹ የዋና ልብስ ስትፈልግ ነው። ሦስተኛው ሳምንቱን ሙሉ በደጁ ሲያልፍ የከረመውን ማደያ አሁን አስታውሶ ነዳጅ ሊቀዳ ተሰልፏል። ያረፈደ ይቀራል የተባለው ቀርቶ ያላረፈደው ይጠብቃል። በመጨረሻ ከከተማው የምንወጣው ልክ ሌላው የአዲስ አበባ ሕዝብ በሚወጣበት ሰዓት ነው። እሱም ዓርብ ማታ ማለዳ ተነሺ ነበር።

ቃሊቲ ላይ እንቆማለን። ከፊታችን ተሳቢ፣ ከኋላችን ተሳቢ፣ በጎናችን አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ። ሾፌሮቹ ላይ አይፈረድም፤ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው፣ በዚሁ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። እንግዲህ አስቡት፤ ከፊታችን መንገድ ዘግቶ የቆመው መኪና ባሕር ሊያይ የሚሄድ ነው። እሱ ባሕር አይቶ ይመለሳል፤ እኛ ሐይቅ እናያለን ብለን የእሱን ጭስ እንጠጣለን።

መኪና የሌለን ደግሞ ቃሊቲ መናኸሪያ እንገባለን። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። አንድ ሰው ይገባል። አሁንም አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ሌላ ሰው ይገባል። አሁንም አንድ ሰው። ያ የማይመጣው አንድ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅነውም፤ ብናገኘው የምንለው ነበረን። ሲሞላ ደግሞ ይብሳል፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አራት አራት ነው» ይመጣል፤ ለሦስት ተብሎ የተሠራ ወንበር ላይ አራተኛው በግማሽ መቀመጫው ተንጠልጥሎ፣ የሰው ሻንጣ ጭኑ ላይ ታቅፎ፣ ዱከም ድረስ ይቅርታ ሲጠይቅ ይሄዳል።

የፍጥነት መንገዱ ላይ የወጣን ቀን ለጥቂት ደቂቃ ሰው እንሆናለን። መስኮት ይከፈታል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ነፋስ ይገባል። ከዚያ የቢሾፍቱ መውጫ ይመጣና የክፍያው ዳስ ጋ እንሰለፋለን። እዚያ የሚያስቆመን ሁልጊዜ ከፊታችን ያለው መኪና ነው። ሾፌሩ መግቢያው ላይ የተቀበለውን ካርድ አጥቶታል። ኪሱን ይፈትሻል፣ ዳሽቦርዱን ይፈትሻል፣ የሚስቱን ቦርሳ ይፈትሻል፣ ወርዶ ከወንበሩ ሥር ያጎነብሳል። የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው እኮ፤ ካርዱን ከተቀበለ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። በመጨረሻ ካርዱን ሕፃኑ ሲያኝከው ያገኙታል።

ይሁን። ደረስን።

አሁን እንግዲህ ሐይቅ እናያለን። የሐይቅ ድሃ የሆነች ከተማ አይደለችም፤ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ፣ በከተማዋ ስም የሚጠራው የቢሾፍቱ ሐይቅ አለ፣ ወደ ውጭ ወጣ ሲሉ አረንጓዴ አለ፣ ዝናብ ጠገብ ሲል የሚሰፋው ጨለለቃም አለ። ከተማው በሐይቅ የተከበበ ነው። እኛ ደግሞ በግንብ ተከብበናል። በስተግራ ግንብ። በስተቀኝ ግንብ። ግንቡ ላይ ቦገንቪላ፣ ከቦገንቪላው በላይ የተጠቀለለ እሾሃማ ሽቦ፣ ከግንቡ መሐል የብረት በር፣ በሩ ላይ ጥበቃ። ስልካችንን አውጥተን ካርታ ስንከፍት ሰማያዊ ክብ ይታያል፤ እኛ ትንሽ ነጥብ ሆነን ከክቡ ጠርዝ ላይ ቆመናል። እግራችን ውኃ ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀና ስንል ግንብ።

ግንቡን ተከትለን እንሄዳለን። አንዱ ግንብ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። በሁለት ግንቦች መካከል ቀጭን መተላለፊያ እናገኝና ደስ ብሎን እንገባለን፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፣ ውኃው ብልጭ ሲል ይታያል፣ ከዚያ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ላይ «የግል ይዞታ» ተጽፏል። ከቆርቆሮው ሥር ውሻ ይጮኻል። የሐይቅ ጉብኝታችን እስከዚህ ነው።

ለዚህ ተፈጥሮም ተባባሪ ናት። ከእነዚህ ሐይቆች ብዙዎቹ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ ዙሪያውን ገደል፣ ታች ውኃ። ገበቴ ማለት ነው። የገበቴውን ከንፈር የያዘ ሰው ውስጡን ያዘ። ባሕር ቢሆን ማን አጥሮ ይጨርሰዋል? አንዱ ጋ ቢዘጋ ሌላው ጋ ይከፈታል። እሳተ ገሞራው ግን ክብ አድርጎ፣ ለአጥር አመቻችቶ፣ ልኩን ጠብቆ ሠራልን። ቀሪው ሥራ የግንበኛ ብቻ ነበር፤ ግንበኛ ደግሞ አላጣንም።

ቅር የሚለን ሌላም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ሕዝብ ማለት እኛ ነን፤ ሌላ ሕዝብ መጥቶ ከሆነ አልነገሩንም። እንግዲህ መሬቱ የእኛ ነው፣ ውኃው የእኛ ነው፣ ውኃው ውስጥ ያለው ዓሣ የእኛ ነው። የእኛ ያልሆነው በሩ ብቻ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳንባል፣ ሆራ ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ የሚባልበት ቦታ አለ፤ የለም አንልም። እሬቻ ሲከበርም ያ ዳርቻ ለሕዝብ ይሆናል። ያን ሰሞን አልጋ አይገኝም፤ በዚህ ግን አናጉረመርምም፤ በዓሉ የባለቤቱ ነው፣ ለምስጋና ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ እያለ የእኛ ሽርሽር ሊቀድም አይችልም። እኛ የምንለው ስለ ተራው ቅዳሜ ነው። ተራው ቅዳሜ የማን በዓል ሆኖ ነው የተዘጋብን?

ግንቡን ማለፍ የሚቻለው በበሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ሥርዓት አለው። ፍተሻ አለ። መሣሪያ ይፈልጋሉ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ የሚፈልጉት ዳቦ ነው። «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ የሪዞርቱ ስም እንኳ ያን ያህል አልደመቀም። ቦርሳ ይከፈታል። የልጅ ጡጦ ይሸተታል። እናታችን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙት ቆሎ ይገኛል።

«እማማ፣ ይሄ አይገባም።»

«ኧረ ልጄ፣ ስኳር አለብኝ፣ ለሆዴ መያዣ ነው።»

«ገብቶኛል እማማ፣ ግን ትእዛዝ ነው። እዚህ ያስቀምጡት፣ ሲወጡ ይወስዳሉ።»

እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚናገረው፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ ትእዛዙ ነው ባለጌ። እናታችን የቆሎ ቁራጭ ወረቀት ተቀብለው ይገባሉ። ማታ ስንወጣ ቆሎው ግማሹ የለም። ጥበቃውን አንጠይቅም። ውሎው ረጅም ነው።

ከዚያ መግቢያ ይከፈላል። «ከምትጠቀሙት ላይ ይታሰብላችኋል» ስንባል ደስ ይለናል፤ ኩፖን ተቀብለን እንገባለን። ኩፖኑ ለቢራ አይሠራም። ለለስላሳ አይሠራም። ለቡና አይሠራም። ለፒዛ ይሠራል። ፒዛ የለም፤ ምድጃው ተበላሽቷል። «መቼ ነው የተበላሸው?» «ቆይቷል።» ኩፖኑ ግን የታተመው በቅርቡ ነው፤ ቀለሙ እጅ ላይ ይለቃል።

በሐይቁ ጠርዝ ጥላ ያለባቸው ጠረጴዛዎች ይታያሉ። ባዶ ናቸው። እንሄዳለን። እያንዳንዱ ላይ «ተይዟል» የሚል ትንሽ ሰሌዳ አለ። የያዛቸው ሰው ጠዋት የለም። ቀትር ላይ የለም። 10 ሰዓት ላይ የለም። እኛ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን፣ ዕቃ ከሚታጠብበት ትይዩ ተቀምጠን ባዶዎቹን ጠረጴዛዎች ቀኑን ሙሉ እናያለን። ሐይቁን በእነሱ መሐል ለመሐል እናጮልቃለን። አስተናጋጁን ስንጠይቀው «ይመጣሉ» ይላል። ማን ናቸው? «ትልልቅ ሰዎች ናቸው።» ትልልቅ ሰዎች የማይቀመጡበት ወንበር በዚህ አገር ስንት ይሆን? ይህንን የቆጠረ የለም።

ምሳ እናዝዛለን። ሐይቅ ዳር ነንና ዓሣ። እዚህ ላይ የሁዳዴ ሰሞን ከሆነ በመጀመሪያ ዓሣ የጾም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ አንዱ አባቶችን ይጠቅሳል፣ አንዷ አያቷን ትጠቅሳለች፣ በመጨረሻ ሁሉም ያዝዛል፣ የተከራከረው ሁለት ያዝዛል። አስተናጋጁ ጽፎ ይሄዳል። ይመለሳል። «ኮተሌት አልቋል።» ጉላሽ? «ጠይቄ ልምጣ።» ይሄዳል። ቆይቶ ይመጣል። «አለ፤ ግን ይቆያል።» ለመሆኑ ዓሣው ከዚሁ ሐይቅ ነው? ልጁ ሐቀኛ ነው፤ «ከዝዋይ ነው የሚመጣው» ይላል። ዓሣው እንደ እኛው መንገደኛ ነው ማለት ነው፤ በሞጆ በኩል ዞሮ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ ሐይቅ ዳር ሊበላ መጥቷል። ብቻ እሱ ከእኛ በተሻለ ቦታ ተቀምጧል።

የቢሾፍቱ ሐይቆችም ዓሣ የላቸውም አይባልም። እንዲያውም በብርዱ ወራት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላዩ ውኃ ከታችኛው ይቀላቀላል፤ ጥልቁ ውስጥ ኦክስጅን አጥቶ የከረመው ውኃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣው ታፍኖ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። በዚያ ሰሞን ዳር ላይ ዓሣ በነፃ ይታያል። ኩፖን አያስፈልገውም። ሽታውም ከጠረጴዛችን ድረስ ይመጣል፤ «ተይዟል» የሚለው ሰሌዳ እሱን አያግደውም።

ምግቡን ስንጠብቅ ፀጥታ እናዳምጥ እንላለን። ለፀጥታ ነው እኮ የመጣነው። ከእኛ ግቢ ድምፅ ማጉያ የልደት ሙዚቃ ይለቃል። ከጎረቤት ግቢ ድምፅ ማጉያ እስክስታ ይለቃል። ከሐይቁ ማዶ ደግሞ አንዱ ማይክ ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ፣ ሙከራ» ይላል፤ ሙከራው እስከ ማታ አያልቅም። ገደሉ ዙሪያውን ስለሚመልሰው ድምፁ የሚሄድበት የለም፤ ሁሉም እዚያው ይዞራል፣ ይገጫጫል፣ ተመልሶ ይመጣል። የአየር ኃይሉ አውሮፕላን ልምምድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም ለጥቂት ሰኮንድ ያስረሳናል። የዚያን ጊዜ እናመሰግነዋለን።

እንነሣና ወደ መወጣጫው ጣውላ እንሂድ እንላለን፤ እዚያ ቢያንስ ውኃው በእግራችን ሥር ይሆናል። ሙሽሮች አሉ። በጥር ከሆነ ሙሽሮች በተራ አሉ። አንዷ ቬሎዋን ይዘውላት ትወርዳለች፣ አንዷ ወጥታለች፣ አንዷ ላብ እየጠረጉላት ተራ ትጠብቃለች። ፎቶ አንሺው እጁን ያወናጭፋል፤ «እናንተ! እባካችሁ ከምስሉ ውጡ!» እንወጣለን። «አሁንም ጥላችሁ ይታያል!» ጥላችንን ሰብስበን እንወጣለን። ቢሾፍቱ ውስጥ ከሐይቅ ጋር የተነሣነው ፎቶ የለንም፤ በማናውቃቸው ሰዎች የሠርግ አልበም ውስጥ ግን ጠርዝ ጠርዙን፣ አንድ ትከሻ፣ አንድ ክርን፣ ብዙ ቦታ አለን።

ከሁሉ የሚያናድደን ግን አዳራሹ ነው። በግቢው ውስጥ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት የሆነ፣ የተዋበ አዳራሽ አለ። ሥልጠና ላይ ነው። ሁልጊዜ ሥልጠና ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጡ ሠራተኞች፣ አንገታቸው ላይ ባጅ፣ ፊት ለፊታቸው የታሸገ ውኃና ከረሜላ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ፕሮጀክተሩ በብርሃን አይታይም። ግድግዳው ላይ «የባለድርሻ አካላት ሚና» ይላል። በዚህ ከተማ ምርጡን የሐይቅ እይታ የያዙት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ መጋረጃ ጋርደውበት፣ የአበል ፎርም እስኪዞር ያንቀላፋሉ። መጋረጃውን የዘጋው አሠልጣኝ ምናልባት ስለ ቱሪዝም ልማት እያስተማረ ነው። እኛ ከጄኔሬተሩ ጎን ነን።

ታዲያ እነሱም የእኛው ወገን ናቸው። ሰኞ የእኛ መሥሪያ ቤት ይመጣና እኛም መጋረጃ ዘግተን እናንቀላፋለን። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ቢሾፍቱን አብጠርጥረን የምናውቃት በሥልጠና ነው፤ ስለ ሐይቁ ብንጠየቅ ግን ስለ ቡና ዕረፍቱ ብስኩት ብቻ ነው የምንመልሰው።

እናድራለን ያልን ቀን ደግሞ ሌላ ነው። «ሌክ ቪው» ያለው ክፍልና የሌለው ክፍል ዋጋቸው ይለያያል። አንዴ ከመጣን አይቀር ብለን «ሌክ ቪው» እንከፍላለን። መጋረጃውን እንገልጣለን። ዛፍ አለ። ከዛፉ ጀርባ ጥቁር ሮቶ አለ። በረንዳው ላይ ወጥተን፣ መደገፊያውን ይዘን፣ ወደ ግራ ተንጠልጥለን አንገታችንን ስናዞር፣ በሮቶውና በጣሪያው መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ይታያል። እሱ ነው። የከፈልንበት እሱ ነው። ባልየው ሲንጠለጠል ሚስቱ ቀበቶውን ትይዛለች፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ሻወር እንውሰድ ስንል ውኃ የለም። በሐይቆች ከተማ፣ በሐይቅ ዳር፣ በ«ሌክ ቪው» ክፍል ውስጥ ውኃ የለም። ስንደውል «መጥፋቱን እናውቃለን» ይሉናል፤ በእርጋታ፣ እውቀቱ ራሱ አገልግሎት ይመስል። አንድ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣል። ወደ ሐይቁ እያመለከትን «ይሄን ሁሉ ውኃ እያላችሁ?» እንለዋለን። እሱም ለሁሉም ሲመልስ የኖረውን ይመልሳል፤ ሐይቁ መውጫ የለውም፣ ጨውና ሶዳው ተጠራቅሞበታል፣ ለመጠጥ አይሆንም። እውነቱን ነው። ሮቶው ግን ከፊታችን ቆሟል፤ እይታችንን ለመጋረድ ሙሉ ነው፣ ለቧንቧችን ባዶ ነው።

ከተማውን በባጃጅ እንይ ብንል ባለ ባጃጁ ከመናገራችን በፊት ያውቀናል። ከምን እንደሚያውቀን አይገባንም፤ ምናልባት ሰማይ ሰማይ ስለምናይ ይሆናል። «ከአዲስ አበባ ናችሁ አይደል?» ይላል ፈገግ ብሎ፤ በዚያ ፈገግታ ውስጥ ዋጋው ተጨምሯል። በጋሪ የምንዞርበት ዘመን የነበረውን የምናስታውስ አዛውንቶች «ፈረሱ እንኳ ከየት እንደመጣህ አይጠይቅም ነበር» እንላለን።

ከዲሲ የመጣ ዘመድ ያለን ደግሞ ሌላ ፈተና አለብን። እሱን ይዞ ቢሾፍቱ አለመሄድ ነውር ነው። መግቢያው ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ያነባል፣ ግንቡን ያያል፣ ወደ እኛ ይዞራል። «እኛ ኦሽን ሲቲ ስንሄድ እኮ ለባሕሩ አንከፍልም። ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ለውኃው? አትላንቲክ ነው እኮ፤ ዝም ብለህ ትገባለህ» ይላል። አትላንቲክ ነጻ ነው፣ ባቦጋያ በኩፖን ነው። ምን እንመልስለት? «እዚህ ንጽሕናው ይጠበቃል» እንላለን፤ ከከተማችን ጎን መቆም አለብን። በዚያች ሰዓት አንድ የውኃ ላስቲክ በነፋስ እየተንከባለለ በመካከላችን ያልፋል።

ሒሳብ ይመጣል። ዝርዝሩ ላይ 1,000 ብር ያልነው ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመርበታል፣ 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፣ 1,265 ይሆናል። ታክሱን እንረዳለን፤ ትምህርት ቤትና መንገድ ይሠራል። የአገልግሎቱ ነው የማይገባን። የትኛው አገልግሎት? ጉላሹን ጠይቆ የሄደው ነው? ሙከራ ሙከራ ሲል የዋለው ነው? ቆሎውን የጠበቀው ነው? እሱን ከፍለን ደግሞ ለአስተናጋጁ ጉርሻ እንጨምራለን፤ የአገልግሎቱ ገንዘብ ለእሱ ይደርሰው እንደሆነ ስንጠይቀው ወደ ሒሳብ ክፍሉ ዞር ብሎ አይቶ ዝም ይላል።

ከዚያ የ«እኔ ልክፈል» ግብግብ ይነሣል። «በሞቴ!» «አይሆንም፣ ባለፈው አንተ ነህ!» «እምቢ አልኩ፣ እናቴ ትሙት!» እጅ ይጨበጣል፣ ብር ይገፈተራል፣ አስተናጋጁ መሐል ቆሞ ይጠብቃል። አንዱ ብቻ ድምፁን ሳያሰማ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ይሄዳል። በየቡድኑ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ደዋዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰዓቱን ግን አይስትም።

መመለሻው እሑድ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ የሁሉም መመለሻ እሑድ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። «ቀደም ብለን እንውጣ» ያልነው ሁሉ ቀደም ብለን ስለወጣን መንገዱ በቀዳሚዎች ተሞልቷል። ቱሉ ዲምቱ እንሰለፋለን። ቃሊቲ እንቆማለን። ልጆቹ ተኝተዋል፣ የዋና ልብሳቸው ደረቅ ነው፤ ገንዳው ለጽዳት ተዘግቶ ነበር። አንዱ «ከእንግዲህ ሐዋሳ ነው» ይላል፤ «እዚያ ዳሩ ሰፊ ነው፣ አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣውን ከጀልባው ላይ ነው የምትበላው።» ሌላዋ «270 ምናምን ኪሎ ሜትር ሄጄ አባ ኮዳ ራሴ ላይ ቆሞ ዓሣዬን ሲጠብቅ?» ትላለች። ላንጋኖ ይነሣል። ወንጪ ይነሣል። ለወንጪ የመኪናው ጎማ ይታሰባል፣ ለላንጋኖ የልጆቹ ትምህርት ይታሰባል፣ እያንዳንዱ ሐይቅ በየምክንያቱ ይወድቃል። ተሳቢው ከፊታችን ትንሽ ፈቀቅ ይልና መልሶ ይቆማል።

ረቡዕ ላይ ስልካችን ይንጫጫል። አንዷ የቡድኑ ገጽ ላይ ጽፋለች፤ ለቅዳሜ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ያለው ጠረጴዛ አንድ ተገኝቷል፣ ሰውየው በዘመድ በኩል ነው ያመቻቸው፣ ግን አስቀድሞ ቀብድ ይፈልጋል፣ ቀብዱ አይመለስም። ወዲያው ሁሉም «አለሁ» ይላል። «አለሁ።» «እኛ አራት ነን።» «12 ሰዓት ላይ እንገናኝ፤ ያረፈደ ይቀራል።» በቴሌብር ብር መግባት ይጀምራል። ያ ስልክ እያናገረ ወደ መኪናው የሄደውም «አለሁ» ብሎ አውራ ጣት ልኳል። ያለፈው ድርሻው ገና አልገባም።